ታዴን በአምስት ስፒከር ማምጣት

ስለ ድምፅ የማውቀው መጮህንና ዝም ማለትን ብቻ ነበር። በሁለቱ መካከል ሌላ ሙያ እንዳለ፣ ድምፅ ከፊት ይምጣ ወይስ ከኋላ የሚለውን አንድ ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ በማውዝ ሊወስን እንደሚችል ያወቅኩት ወንድሜ ከሞተ በኋላ ነው። ባላውቅ ይሻል ነበር ወይ? እንጃ። ነገሩን ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ። አስቀድሜ ግን ይቅርታ፤ ስናገር ቃል ቶሎ አይመጣልኝም፣ ስጽፍም ያው ነኝ። መሃል ላይ ቆም ካልኩ ጥላችሁኝ አትሂዱ።

ወንድሜ ታደለ፣ ቤት ውስጥ ታዴ የምንለው፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሳ ሰው ነበር። አዳማ ውስጥ ያገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል ብል ማጋነን ነው፤ ግን የማጋንነው ትንሽ ነው። እሁድ ወለንጪቲ ሠርግ፣ ሰኞ መልካሳ መልስ፣ ሲለው ደግሞ ካሜራውን ታቅፎ ኩየራ ድረስ ይወርዳል። ከዚያ ታመመ፤ ሞተ። ስለ ሕመሙ ልጽፍ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ይህ ጽሑፍ ቢያስቅ ነው ደስ የሚለኝ፤ እሱ የሚያስቅ ሰው ነበር።

የተወልን ኮምፒውተሩንና ከካርቶናቸው በቅጡ ያልወጡ አምስት ስፒከሮችን ከአንድ ወፍራም ባስ ጋር ነው። ሰራውንድ ሊጀምር ነበር። «ሰው የሠርጉን ቪዲዮ ሲያይ እልልታው ከጀርባው ካልመጣ ምኑን ሠርግ ሆነ?» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ «እልልታው ከፈለገ ከጣሪያ ይምጣ፣ ዋናው ክትፎው ነው» እለዋለሁ። እንዲህ ዓይነት ወንድም ነበርኩ። ሙያውን ሊያስተምረኝ ሲጠራኝ ሁልጊዜ ኳስ አለኝ።

አንድ ቀን፣ ሙት ዓመቱ እየተቃረበ ሳለ፣ እማዬ ሽሮ እየነፋች በድንገት ወንፊቱን አስቀመጠችና፣ «መልኩ አለ፣ ፎቶው ግድግዳው ላይ ነው» አለችኝ። «ድምፁ ግን ከጆሮዬ ወጣ። ላስታውሰው ስል ያንተ ነው የሚመጣብኝ።»

«የኔና የሱ ይመሳሰላል እኮ» አልኳት።

«አይመሳሰልም» አለች። «አንተ ስትናገር ገደል አፋፍ ላይ የቆምክ ይመስላል። እሱ እየሮጠ ነበር የሚያወራው።»

ወንፊቱን አነሳች። ሽሮው ላይ ስታለቅስ እንዳላያት ዞር አለች፤ እኔም እንዳላየሁ ሆኜ ወጣሁ። በቀጥታ ወደ ታዴ ክፍል ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ድምፁን አግኝቼ ለሙት ዓመቱ ልሰጣት ነበር። ሌላ ዓላማ አልነበረኝም፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

አገኘሁም። «ሙከራ» የሚል ስም ያለው ፋይል ነው። አዲስ ማይክ የገዛ ቀን እየዞረ ሲሞክረው የቀዳው ነው። «አንድ፣ ሁለት። አንድ፣ ሁለት። አሁን ጠረጴዛው ጋ ነኝ» ይላል። ኮቴው ይሰማል። «አሁን መስኮቱ ጋ ነኝ።» ውጭ ባጃጅ ያልፋል፣ እዚያው ግቢያችን የሚኖሩት የእትዬ ብርቄ አውራ ዶሮ በማይመለከተው ነገር ይገባል። «አሁን በሩ ጋ ነኝ።» ከዚያ በሩን ይከፍትና ወደ ኩሽናው ይጮሃል፤ «እማዬ፣ ምሳ ደረሰ?» ከሩቅ የእማዬ ድምፅ ይመጣል፤ «ስንቴ ልጥራህ? ቀዝቅዞ አለቀ። ጆሮ የለህም እንዴ አንተ?» ታዴ በሷ ድምፅ ላይ እየሳቀ «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላል፤ ያልቃል።

እንግዲህ የጤነኛ ሰው ሥራ ምን ነበር? እናቴን ጠርቼ፣ አስቀምጬ፣ ማሰማት። በቃ። ይህ ጽሑፍም እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። እኔ ግን በኢርፎን ሳዳምጠው አንድ ነገር ቅር አለኝ። ታዴ «መስኮቱ ጋ ነኝ»፣ «በሩ ጋ ነኝ» ይላል፤ ድምፁ ግን ከአንድ ቦታ ነው የሚመጣው። ሰውዬው ክፍሉን እየዞረ ነው፣ ኢርፎኑ ውስጥ ግን ቆሟል። አምስቱ ስፒከሮች ከካርቶናቸው ውስጥ አጮልቀው ያዩኛል። እማዬን መሃል አስቀምጬ ልጇ በዙሪያዋ ቢዞርላትስ ብዬ አሰብኩ። ሐሳቡ በጣም አስደሰተኝ። የሚያስደስተኝ ሐሳብ ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚሰበር ነገር እንዳለ እስካሁን ማወቅ ነበረብኝ።

ሶፍትዌሩን የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ስልኬ ላይ አሉ። አስተማሪው እንግሊዝኛውን እንደ ታክሲ ረዳት ያቻኩለዋል፤ የኔ እንግሊዝኛ ደግሞ አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ወርዷል። ስለዚህ ሙባረክ ጋ ደወልኩ። ሙባረክ የታዴ ባልንጀራ ነው፤ ለሠርግና ለስብሰባ ሳውንድ ሲስተም ያከራያል።

«ስክሪኑ ላይ ክብ ነገር ይታይሃል?» አለኝ።

«ይታየኛል።»

«መሃሉ ላይ ያለው ሰሚው ነው። ትንሿ ነጥብ ደግሞ ድምፁ ናት። ነጥቧን ወደፈለግክበት ጎትታት፤ ድምፁ ይከተላታል።»

«ጎተትኳት።»

«ምን ሰማህ?»

«ምንም።»

«ስፒከሮቹን ሶኬት ላይ ሰክተሃቸዋል?»

ተነስቼ ሰካኋቸው። ሙባረክ አልሰደበኝም። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሐዘንተኛን መሳደብ ነውር ስለሆነበት ነው።

አምስቱን ስፒከር ግን ያስረዳኝ ሙባረክም፣ የስልኩ አስተማሪም አይደለም፤ የለቅሶ ድንኳን ነው። አስቡት። ፊት ለፊት መሃል ላይ ቄሱና ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ፤ ቁም ነገሩ የሚነገረው እዚያ ነው። የመሃል ስፒከር እሱ ነው። ግራና ቀኝ ወንዶቹና ሴቶቹ ተደርድረዋል፤ እነሱ የግራና የቀኝ ናቸው። ከኋላ፣ መውጫው አካባቢ፣ አርፍደው የመጡት አሉ፤ ስለ ጨዋታ ውጤት ይንሾካሾካሉ። የኋላ ስፒከሮች። ባሱ ደግሞ አንድ ጥግ ይዞ ምንም የማይናገር፣ ሲተነፍስ ግን አግዳሚው የሚርገበገብበት ሰውዬ ነው። በየድንኳኑ አንድ አለ። ይህ ከገባኝ በኋላ የሰለጠንኩ መሰለኝ።

አንድ ችግር ግን ነበረ። የኛ ቤት የለቅሶ ቤት ነው። በለቅሶ ቤት ቴፕ አይከፈትም። ሌላው ቤት አርባውን ጠብቆ ሬዲዮኑን ቀስ አድርጎ ይከፍት ይሆናል፤ እማዬ ግን እስከ ሙት ዓመቱ ብላለች፤ ቴሌቪዥናችን ነጠላ ለብሶ ነው የከረመው። ጎረቤት እንኳ ልጁን ሲድር ሙዚቃውን በኛ በኩል ቀንሶልናል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ አምስት ስፒከርና አንድ ባስ መሞከር የሚያስደበድብ ነው። መላ ዘየድኩ። ሄድፎን ሰካሁ። ሄድፎን ከተሰካ ስፒከር ይዘጋል፤ ይህን ሕፃን ልጅም ያውቃል።

የማያውቀው የታዴ ኮምፒውተር ነበር። ሄድፎን ሲሰካበት የሚዘጋው የፊቶቹን ብቻ ነው፤ የኋላዎቹ በሌላ ገመድ የሚሄዱ ስለሆኑ ጉዳያቸውም አይደለም። ከኋላዎቹ አንዱን ቁም ሳጥን ላይ ሰቅየዋለሁ። ሁለተኛውን፣ ገመዱ አጭር ስለሆነብኝ፣ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት፤ ገመዱ እንዲደርስ ደግሞ ፊቱን ወደ ግቢው አዞርኩት። ለጊዜው ነው ብዬ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ የአዳማን ሙቀት የሚያውቅ ለምን ብሎ አይጠይቀኝም።

ሥራ ጀመርኩ። «አሁን መስኮቱ ጋ ነኝ» የሚለውን ቃል ቆርጬ ነጥቧን ወደ ኋላ ጎተትኳት። ታዴ ጠፋ። ወደ ፊት መለስኳት፤ ተገኘ። ወደ ኋላ፤ ጠፋ። ምን አድርጌ ይሆን ብዬ ያቺን ቃል እየደጋገመ እንዲያጫውት አዘዝኩትና ቁልፎቹን አንድ በአንድ እነካካ ጀመር። ለካ ታዴ የጠፋው ሄድፎን ከደፈነው ከኔ ጆሮ ነው እንጂ ከግቢው አልነበረም።

ግቢው ውስጥ እትዬ ብርቄ ልብስ ያሰጡ ነበር። ተከራያችን ናቸው፤ ታዴን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። ቀና ስል በመስኮቱ አየኋቸው፤ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሳፋው ተገልብጧል፣ የታጠበው አንሶላ አፈር ላይ ነው። ማጫወቻውን አቁሜ፣ ሄድፎኑን ነቅዬ አንገቴ ላይ አድርጌ ወጣሁ።

«እትዬ፣ ምን ሆኑ?»

«ወንድምህ መስኮቱ ጋ ነው» አሉኝ፤ በጣም ቀስ ብለው።

እንደ ጎበዝ ሰው ነገሩ ወዲያው ገባኝ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልገባኝም። ወደ መስኮቱ ዞሬ አየሁና እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ምን አለዎት?»

«አሁን መስኮቱ ጋ ነኝ ይላል። ደግሞ ደግሞ። ወይ አይገባ፣ ወይ አይሄድ።»

እማዬ ለድግሱ ሽንኩርት ልትገዛ መልካሳ ሄዳ ነበር፤ እግዚአብሔር ያወቀው ነው። ከእትዬ ብርቄ አፍ ግን ወሬው አመለጠ። ሴቶቹ ከየቤቱ ወጡ። አንዷ «ያልተፈጸመ ነገር ቢኖረው ነው» አለች። ሌላዋ «ድግሱ አንሶ ይሆናል፣ በግ ነበር የታሰበው አይደል?» ብላ ወደ በሬ የሚጠጋ ነገር ሐሳብ አቀረበች። አንዷ በሃይላንድ ጠርሙስ ጠበል ይዛ መጣች። መስኮቱ ላይ ሲረጩ እኔም ከኋላቸው ቆሜ አማትባለሁ። አንገቴ ላይ ሄድፎን አለ፤ አንድም ሰው አልጠየቀኝም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ጠበሉ በመስኮቱ ገብቶ እታች የተቀመጠውን ባስ አገኘው። ባሱ አንዴ «ቡፍ» ብሎ ትንሽ ጭስ ተነፈሰና ነፍሱ ወጣ። ሴቶቹ «ወጣ፣ ወጣ» አሉና እፎይ ብለው ተያዩ።

በዚህ መሃል የእድራችን ዳኛ ጋሽ ቶሎሳ ደረሱ። «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ ሰጡና ወደ ክፍሉ ገቡ፤ ሴቶቹም እኔም በሩ ላይ ተጠቅጥቀን ቀረን። ጋሽ ቶሎሳ ዙሪያውን አዩና ለመደገፍ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉ፤ የኪቦርዱ ረጅም ቁልፍ፣ ማጫወቻው ላይ።

«አሁን መስኮቱ ጋ ነኝ» አለ ታዴ።

በሩ ላይ ማንም አልቀረም። እኔ ራሴን የውኃ ታንከሩ ጋ ነው ያገኘሁት። ጋሽ ቶሎሳ አልሮጡም፤ ከጀግንነት ሳይሆን ከእርጅና እንደነበር በኋላ ራሳቸው ነግረውናል። ታዴ ቃሉን ሲደጋግም እያዳመጡ ቆሙና፣ ስፒከሩን እንደ ከበሮ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ከዚያ በመስኮቱ ብቅ ብለው ፈለጉኝ።

«ማሎ፣ እባክህ፣ አንተ ልጅ» አሉኝ። «ወንድምህን እዚህ ሳጥን ውስጥ የከተትከው አንተ ነህ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። እትዬ ብርቄ ሰሙና አንሶላቸውን ለቅመው፣ አጥበው እስኪጨርሱ አላናገሩኝም። ሲያሰጡት ግን «እስቲ እንደገና አሰማኝ፤ አሁን ፊት ለፊት ሆኜ» አሉኝ። አሰማኋቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙና «እሱ ነው» አሉ። «እሱው ነው።»

ጋሽ ቶሎሳ ደግሞ የእድር ነገር ነው፤ ፍርድ ሳይሰጡ አይሄዱም። «ዘፈን አይደለም» አሉ እያሰቡ። «ለቅሶም አይደለም። ታዲያ ምን እንበለው?» ራሳቸው መለሱት። «እኛ የከለከልነው ቴፕ ነው። የልጁን ድምፅ እናቱ እንዳትሰማ የሚል ደንብ ግን የለንም። በሙት ዓመቱ ዕለት፣ ጸሎቱ ደርሶ ቄሱ ከወጡ በኋላ፣ ምሳው ከተበላ፣ ቤት ውስጥ ይሰማ። እስከዚያ ለእናቱ ማንም አይንገር።» ሁላችንም እትዬ ብርቄን አየናቸው። «እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ። በእውነት አልተናገሩም፤ እስከ ድግሱ ድረስ እማዬን ባዩ ቁጥር ብቻ ያለቅሱ ነበር።

ጋሽ ቶሎሳ ሊወጡ ሲሉ ትከሻዬን ይዘው አንድ ነገር ጨመሩ። «ደግሞ ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር ነው። ጥርት አድርገው።»

ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር። ይህ ቃል በኛ ቤት ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። እንግዳ ይመጣል ከተባለ የሶፋው ልብስ ይገፈፋል፣ ጎዶሎው ብርጭቆ ይደበቃል፣ ለዓመታት ስንሻገረው የኖርነው የተሰነጠቀ ሸክላ ከደጃፍ ይነሳል። ቤቱ የኛ እንዳልሆነ እስኪመስል ነው የሚጸዳው። እኔም የታዴን ድምፅ እንደዚያ ማጽዳት ያዝኩ።

ሶፍትዌሩ ለዚህ መሣሪያ አለው። የማትፈልጉትን ጫጫታ ትንሽ ቀንጭባችሁ ታሳዩታላችሁ፤ እሱ ደግሞ የዚያን ዘመድ አዝማድ ሁሉ እያደነ ያጠፋል። ባጃጁ ሄደ። ዶሮው ሄደ። የማራገቢያው ኡኡታ ሄደ። ታዴ በቃላቱ መሃል ትንፋሹን ሳብ ያደርግ ነበር፤ ያ የሩጫው ትንፋሽ፤ እሱም ሄደ። ልቤ አልጠረጠረም፤ እንዴት ጠራ እያልኩ ብቻዬን እደነቃለሁ።

መጨረሻው ላይ ስደርስ እማዬ አለች። «ስንቴ ልጥራህ? ጆሮ የለህም እንዴ አንተ?» አሰብኩ። የሙት ዓመት ነው፤ ከወለንጪቲ የሚመጡ ዘመዶች አሉ፣ የእድሩ ሰው ሁሉ አለ። ሰው ፊት የሞተ ልጇን ስትቆጣ ልትሰማ ነው? እሷስ ምን ይሰማታል? ለክብሯ ብዬ ቆረጥኩት። የታዴ ሳቅና «መጣሁ፣ መጣሁ» ማለቱ ከሷ ድምፅ ጋር ተደራርቦ ስለነበር መለየት አቃተኝ፤ አብሮ ተቆረጠ። ስለዚህ ነገሩ «እማዬ፣ ምሳ ደረሰ?» ላይ ያበቃል። እንዲያውም ልብ የሚነካ አጨራረስ መሰለኝ። ዓይኔ እንባ አቅርሮ አስቀምጥ የሚለውን ተጫንኩ። ኮምፒውተሩ የድሮውን በአዲሱ ልተካው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ኮምፒውተር ሲጠይቀኝ አዎ ማለት ልማዴ ነው። አዎ አልኩት።

የሙት ዓመቱ ዕለት ሁሉም በደንቡ ሆነ። ቄሱ ወጡ፣ ምሳው ተበላ። ስፒከሮቹን ሳሎን ውስጥ እንደ ድንኳኑ ሥርዓት ደረደርኳቸው፤ ባሱ ብቻ በሞት ተለይቶናል። እማዬን መሃል ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። እትዬ ብርቄ «እኔን ከየት በኩል ነው የሚያናግረኝ?» ብለው አስቀድመው ጠይቀው ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጡ። ጋሽ ቶሎሳ ተነስተው «ልጅሽ አንድ ነገር አዘጋጅቶልሻል» አሏትና ተቀመጡ።

«አንድ፣ ሁለት» አለ ታዴ። «አሁን ጠረጴዛው ጋ ነኝ።»

ታዴ መስኮቱ ጋ ሲሄድ የሰው ሁሉ አንገት አብሮት ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ፤ በዚያ ሰዓት ሰሃን ይዛ ልትገባ የነበረች ዘመዳችን ይህን ሁሉ ዓይን ስታይ ተመልሳ ወጣች። ከወለንጪቲ የመጡት አጎቴ ሱሪያቸው ውስጥ የገባ ነገር እንዳለ ሁሉ ከወንበራቸው ተነስተው ከኋላቸው ያለውን ስፒከር አዩት። ከዚያ ለቅሶው ተነሳ፤ ቀስ ያለ፣ የሚያምር ለቅሶ። ተሳክቶልኛል አልኩ። እማዬ አላለቀሰችም። ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን ከፈት አድርጋ፣ ድምፁን ትከተል ነበር።

«እማዬ፣ ምሳ ደረሰ?» አለ።

እሷም ጠበቀች። ሌሎቹ እንዳለቀ ገብቷቸው አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ፤ እሷ ግን ዓይኗን እንደጨፈነች ትጠብቃለች። በኋላ ዓይኗን ገለጠችና ፈለገችኝ።

«ዝም አልኩት?» አለችኝ።

ቃል አልመጣልኝም። በሕይወቴ ቃል ቶሎ እንዲመጣልኝ የፈለግኩት ያን ጊዜ ነበር።

«ምሳ ደረሰ ሲለኝ ዝም ብዬዋለሁ?»

«አይ፣ እማዬ፣ መልሰሽለታል። እኔ ነኝ… ቆርጬው ነው። ሰው ፊት ስለሆነ…»

«እሺ ልጄ» አለች። «እሺ፣ ተወው።» እንዳጽናናኋት ነው የቆጠረችው፤ ስላጽናናኋትም መልሳ እኔን አጽናናችኝ። ጋሽ ቶሎሳ አቀርቅረው የባርኔጣቸውን ጠርዝ ያዞሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ እማዬ ጨዋታ ተወች። ሥራዋን ትሠራለች፣ ታበላኛለች። አልፎ አልፎ ግን ከምንም ተነስታ ትጠይቀኛለች።

«ምን ብዬ ነበር የመለስኩለት?»

«ስንቴ ልጥራህ፣ ቀዝቅዞ አለቀ፣ ጆሮ የለህም እንዴ ነው ያልሽው። እሱም ሳቀ።»

«እንደሱ እንደምል ስለምታውቅ ነው» ትላለች። እውነቷን ነው፤ እኔንም በቀን አንዴ እንደሱ ትለኛለች። ከራሴ ፈጥሬ ልናገረው የምችለው ነገር ነው። ሳቁን ደግሞ እንዴት ሳቀ ስትለኝ ላሳያት ሞከርኩ፤ ሁለታችንም ተሳቀቅን።

ሙባረክ መጣ። ኮምፒውተሩን ሲበረብር ዋለ፤ እኔ ከኋላው ቆሜ ውኃ አቀብለዋለሁ። ወደ ኋላ መመለሻውን ሞከረው፣ የተጣሉ ፋይሎች የሚገኙበትን ፈተሸ፣ ከሆነ ቦታ ያመጣውን ሌላ ሶፍትዌር ጫነበት። በመጨረሻ ወንበሩን ወደኔ አዞረና «ኦርጅናል ላይ አይሠራም» አለኝ። «መጀመሪያ ኮፒ ይደረጋል። ታዴ ይህን ሳያስተምርህ ሞተ?»

«ሊያስተምረኝ ፈልጎ ነበር» አልኩት። «ኳስ ነበረኝ።»

ሙባረክ አልሳቀም። ኬብሉን እየጠቀለለ፣ «ግን እኮ ይሄ ልጅ ሠርግ ሲያነሳ አፉ መች ይዘጋ ነበር?» አለ። «ጠጋ በሉ፣ ሳቁ፣ አጎቴ ከኬኩ ዞር ይበሉ። ድምፁን ከቪዲዮው ስቆርጥለት ደክሞኝ እንተወው ብለን የተውንባቸው ሠርጎች አሉ።»

ታዴ የደንበኞቹን ቪዲዮ ካስረከበ በኋላ ከኮምፒውተሩ ያጠፋ ነበር፤ ቦታ አይበቃውም። ስለዚህ ሙባረክ የሚያስታውሳቸውን እየጠየቅኩ በየከተማው መዞር ሆነ። የሰው በር አንኳኩቶ «የሠርጋችሁን ቪዲዮ ልዋሳችሁ፣ እናንተን ለማየት አይደለም» ማለት እንዴት እንደሚከብድ ለመናገር አይቻልም። መልካሳ ያሉት ባልና ሚስት ተለያይተው ቪዲዮው አልተገኘም፤ በስንት መከራ ያዳፈኑትን ጠብ አስነሳሁባቸው። ሞጆ ላይ ያገኘሁት ቪዲዮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈን ተደርቦበታል፤ የሰው አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

ወለንጪቲ ያገኘኋት የሙሽራ እናት በሯን ገርበብ አድርጋ ጥርጣሬ ባለው ዓይን አየችኝ።

«ቪዲዮው ምን ሆነ? ልትወስዱት ነው?»

«አይ። ያነሳው ልጅ ወንድሜ ነው። ሞቷል። ድምፁ ካለበት ብዬ ነው።»

በሩን ከፈተችው። «ያ ሲያስቀን የዋለው?» አለች። «ያ ልጅ ነው?» ገበያ ልትሄድ ለብሳ ነበር፤ ዘንቢሏን አስቀመጠች። ምሳ ሳልበላ ፍላሹን እንደማትሰጠኝ ነገረችኝ፤ በላሁ።

ቤት ስደርስ መጀመሪያ ኮፒ አደረግኩ። ኮፒውንም ኮፒ አደረግኩ፤ አንዱን እትዬ ብርቄ ጋ አስቀመጥኩት። ምንም አላጸዳሁም። ጄኔሬተሩ ይንኳኳል፣ የቦሰት ተራራ ነፋስ ማይኩን ይንገላታል፣ ልጆች ይጮሃሉ፤ ይጩሁ። ያደረግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሠርጉን በፊት ስፒከሮች ላይ ተውኩት፤ ታዴ የሚናገርባቸውን ቦታዎች ግን ነጥቧን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳቸው። ካሜራ የሚይዝ ሰው ቦታው እዚያ ነዋ። ብዙ ቀን ፈጀብኝ። ደስ ሳይለኝ፣ ረጋ ብዬ የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ ነው።

እማዬን ብቻዋን ጠራኋት። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ የሰው ሠርግ ነው አልኳት። «የሰው ሠርግ ምን ይሠራልኛል» እያለች ተቀመጠች። ሽንኩርት ትልጥ ነበር፤ ሳህኑን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ነው። ሙሽሮቹ ገቡ፣ እልልታው ቀለጠ፣ የቤተሰብ ፎቶ ሊነሱ ተደረደሩ። የሙሽራዋ እናት አቀርቅራ በነጠላዋ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«እማዬ፣ ቀና በይልኝ እስቲ» አለ ታዴ፤ ከኋላ። ትንፋሹን ሳብ አደረገና፣ «ወደኔ» አለ።

እናቴ ወደ ኋላ አልዞረችም። ቢላዋውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። በክንዷ ፊቷን ጠረገች፣ ነጠላዋን አስተካከለችና ቀና አለች።

«ይኸው» አለችው። «ቀና አልኩ።»

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ገና እንዳቀረቀረች ነበር።